አቦል በሰማይ

የጅማ ሰው ወደ ሰማይ ቀና የሚለው ሲጠራጠር ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ቀና ማለት ትርፉ ዐይን ውስጥ ጠብታ ማስገባት ነው። ደመናው ጋራው ላይ ይተኛል፣ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፣ ጨረቃ እንኳ መውጣት መግባቷ በወሬ ነው የሚታወቀው። ከዚያ ጥቅምት ይገባና ሰማዩ ይጠራል። ይጠራና ምን ይሆናል? በዚያው ሰሞን ቡናው ይቀላል! የአገሩ ሰው ሁሉ አንገቱን መጀመሪያ ወደ ቅርንጫፉ፣ ቀጥሎ ወደ ቅርጫቱ፣ ከዚያ ወደ ማድረቂያው አልጋ፣ በመጨረሻም ወደ ሚዛኑ ይደፋል። የዓመቱ የጠሩ ሌሊቶች ከዓመቱ አድካሚ ሥራ ጋር ይገጥማሉ፤ ኮከቦቹም ማንም ሳያያቸው ወጥተው ማንም ሳያያቸው ይገባሉ።

ይህ ግፍ ነው። ከህዳር እስከ የካቲት ከጅማ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡ የሚታየው የማታ ሰማይ ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ትኬት ይቆረጥበት ነበር። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ነች። ለወገቡ ይህን ያህል የቀረበ አገር የሰሜኑንም የደቡቡንም ኮከብ ያገኛል፤ በደቡቡ የሰማይ ዋልታ ዙሪያ ካለች ጠባብ ክብ በቀር ዓመቱን ሙሉ የሚያመልጠን ሰማይ የለም። ይህን ሁሉ ሀብት ይዘን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንተኛለን።

ሌላው ችግር የሰማይ መመሪያ ሁሉ የሚጻፈው ለለንደን ሰው መሆኑ ነው። ካፖርት ልበሱ ይላል፣ ትኩስ ነገር በፔርሙስ ያዙ ይላል፣ ከዚያ የሰሜን ኮከብን ፈልጉ ይላል። ካፖርቱን ጋቢ ይተካዋል፤ የታህሳስ ሌሊት ብርዱ ጅማም ላይ ቀልድ አያውቅም። ስለ ትኩስ ነገር ጅማን የሚመክር ሰው ደግሞ ራሱ ምክር ያስፈልገዋል። የሰሜን ኮከቡ ነገር ላይ ግን አንስማማም። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ የሚኖረው ከፍታ አንድ ሰው ከቆመበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለንደን ላይ ከግማሽ ሰማይ በላይ ወጥቶ ይታያል። ጅማ ላይ ስምንት ዲግሪ ገደማ ነው። እጃችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ብትጨብጡ ጡጫው አሥር ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ የሰሜን ኮከባችን እንግዲህ ከአንድ ጡጫ በታች ተሸጉጧል። እዚያ ላይ ጋራውን ጨምሩበት፣ የቡና ጥላ የሆነውን ዋንዛና ብርብራ ጨምሩበት። ጅማ ውስጥ ሰሜን የጠፋበት ሰው መስጊድ ቢፈልግ ይቀለዋል፤ መካ ከዚህ ስትታይ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ዘንበል ያለች ሰሜን ናትና።

ስለዚህ ጀርባችሁን ለሰሜን ስጡና ወደ ደቡብ ዞር በሉ። በጥምቀት ሰሞን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ከላይና ከታች የቆሙ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ታያላችሁ። የላይኛው ሲሪየስ ነው፤ ከሌሊቱ ኮከቦች ሁሉ ደማቁ፣ ብርሃኑም እኛ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ዓመት ተኩል ያህል የሚፈጅበት። የታችኛው፣ ከአድማሱ ሦስት ጡጫ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ የሚታየው፣ በድምቀት ሁለተኛው ካኖፐስ ነው። ካኖፐስን የለንደን ሰው፣ የፓሪስ ሰው፣ የሮም ሰው ከደጁ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ አያየውም፤ እዚያ ከአድማስ በላይ አይወጣም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጅማን የአንድ ሰፊ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። ከሮም የመጣው ሹም ማታ ማታ ወደ ደቡብ አንዴ ዞር ብሎ አይቶ ይሆን? ሊጭኑት ከፈለጉት ነገር ሁሉ ይህ አንዱ ነው መርከብ ላይ ያልወጣላቸው።

ጅማ ብቻዋን የምትኮራበት ግን ደቡቡም ሰሜኑም ላይ የለም፤ አናቷ ላይ ነው።

በአንድ መስመር እኩል ተራርቀው የተሰለፉትን ሦስት ኮከቦች የማያውቅ የለም፤ ስማቸውን ባያውቅም ያውቃቸዋል። የኦሪዮን ቀበቶ ናቸው። ኦሪዮንን መጽሐፈ ኢዮብም ያነሳዋል። በፈረንጅ ሥዕል ላይ ቀበቶውን ታጥቆ ቀጥ ብሎ የቆመ አዳኝ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን በጎኑ ተጋድሞ ይወጣና፣ አናት ላይ ደርሶ፣ በሌላው ጎኑ ተጋድሞ ይገባል። እዚህ ሲደርስ አደኑን ትቶ አረፍ የሚል ነው የሚመስለው፤ እንግዳ አክባሪ አገር መሆናችን ይሆናል። ከትከሻዎቹ አንዱ ቀላ ያለ ትልቅ ኮከብ ነው፣ ቢተልጁዝ ይባላል። ቢተልጁዝ በሰማይ ላይ ያለው ቦታ ከሰማይ ወገብ 7 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ በስተሰሜን ነው። ከላይ የጠቀስኩትን የጅማን ቁጥር መለስ ብላችሁ እዩ። ልዩነቱ ከጨረቃ ስፋት ግማሽ ያህል ብቻ ነው! ስለዚህ ይህ ኮከብ በቀን አንዴ፣ ቀኑም ሌሊቱም ሳይለይ፣ በጅማ ሰው አናት ላይ ቀጥ ብሎ ያልፋል። አዲስ አበባ ከሁሉ ነገር ድርሻዋን ወስዳለች፤ ይህን ግን ከዲግሪ ተኩል በላይ ስታዋለች።

ሰዓቱን ልንገራችሁ። በገና ማታ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ገደማ፣ በጥምቀት ማታ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የካቲት ሲጋመስ ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ። የሚያስቸግረው አንገት ነው። የጅማ አናጺ የሚሠራው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ድንቅ ሥራ ነው፣ መደገፊያ ግን የለውም፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አናቱን ለማየት የሞከረ ሰው ወይ ወገቡን ወይ በርጩማውን ያጣል። መፍትሔው ሰሌን አንጥፎ በጀርባ መተኛት ነው። ይህ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በሌሊት ደጅ ላይ ተጋድሜ ያየኝ ጎረቤቴ ጠበል አዘዘልኝ፤ ማዶ ያለው ደግሞ ዱዓ አስደረገልኝ። ሁለቱም ስለ ውጤቱ እስካሁን ይጠይቁኛል።

ቢተልጁዝ ግዙፍ ነው፤ በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ምድራችንን ውጦ ያልፋል። ዕድሜው እያለቀ ስለሆነ አንድ ቀን እንደሚፈነዳ ይታወቃል፤ ያ ቀን ነገም ሊሆን ይችላል፣ ከመቶ ሺህ ዓመት በኋላም። በ2012 ዓ.ም. ታህሳስ ላይ ብርሃኑ እየደበዘዘ መጣ፣ በየካቲት ከወትሮው ሲሶ ያህል ብቻ ቀረው፣ የዓለም የሥነ ፈለክ ሰዎች ሊፈነዳ ይሆን ብለው ዐይናቸውን ተከሉበት። በኋላ ሲጣራ ኮከቡ ከሆዱ ያስወጣው ነገር ቀዝቅዞ አቧራ ሆኖ ፊቱን ጋርዶት ኖሯል። አቧራ! የጅማን ሰው ቢጠይቁ ኖሮ ያን ሁሉ ቴሌስኮፕ ባላደከሙ ነበር። በበጋ የሚደበዝዝ ነገር ሁሉ ምክንያቱ ምን እንደሆነ የአጋሮን መንገድ በአይሱዙ የተጓዘ ሰው ያውቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። በቡና ከተሞች ኮከብ አያለሁ ብላችሁ አታውሩ። የሩቅ ማያ መነጽር ይዤ ደጅ መውጣቴ በሰፈር በተሰማ ሰሞን አንዲት እናት ማታ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«እስቲ የልጄንና የዚያችን ልጅ እይልኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ኮከባቸው ይገጥም እንደሆነ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ የማየው ሰማይ ላይ ያለውን ኮከብ ነው።»

«ታዲያ እኔ የት ያለውን አልኩህ?»

የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ቆጥሮ ለአሥራ ሁለት ማካፈል የሌላ ሰው ሙያ መሆኑን፣ እኔ የማውቀው የቱ ኮከብ የት እንደሚቆም ብቻ መሆኑን አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ የልጅቷን እናት ስም ነገሩኝ። ምን ላድርግ? መነጽሩን ሰጠኋቸውና ሰባቱን ከዋክብት፣ ያን ደቃቅ ዘለላ፣ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ብዙ ናቸው፤ አንዱ ይገጥማል» ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ሠርጉ በጥር ሆነ።

ከተማ ውስጥ ላለ ሰው ግን ዋናው የሰማይ መመልከቻ መብራት ሲጠፋ ነው። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» ይላል፣ ጀኔሬተር ያለው ጀኔሬተሩን ያስነሳል፣ የሌለው የስልኩን ባትሪ ያበራል። ስልኩን ለሃያ ደቂቃ ቢያጠፋው ዐይኑ ጨለማውን ይለምድና ፍኖተ ሐሊብ በኦሪዮን ጎን አቋርጦ ወደ ደቡብ ሲወርድ ያያል። ሃያ ደቂቃ ግን ማን ይታገሣል? በርጫ ላይ ያሉት ብቻ። በምርቃና ሰዓት በረንዳ ላይ የተቀመጠ የጅማ ሰው ስለ ጠፈር የማያውቀው ነገር የለም፤ ጥቁር ጉድጓድን በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጨርስላችኋል። ጠዋት ስትጠይቁት ነው የሚረሳው። ጨረቃ በሞላች ሳምንት ደግሞ ማንም አይድከም፤ ደቃቁን ኮከብ ሁሉ ታጠፋዋለች። የማይርገበገብ ደማቅ ነገር ካያችሁ ፕላኔት ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ጥር 2 ቀን ጁፒተር ከፀሐይ ፊት ለፊት ቆሞ ሌሊቱን በሙሉ ሰማይ ላይ ያደረው እንዲህ ሳይርገበገብ ነው።

ወደ ባለሙያዎቹ ልለፍ። በዚህ አገር ከኮከብ ጋር አድሮ ደመወዝ የሚከፈለው አንድ የሥራ ዘርፍ አለ፣ የቡና ጥበቃ። እሸቱ ተለቅሞ አልጋ ላይ ከተሰጣበት ቀን ጀምሮ ደርቆ ጀንፈል ሆኖ መጋዘን እስኪገባ ድረስ አንድ ሰው አጠገቡ ማደር አለበት። የሚጠበቀው ሌባና ደመና ነው። ከሁለቱ ደመናው ይከፋል፤ ሌባ የሚወስደው መሸከም የቻለውን ነው፣ ያልታሰበ የታህሳስ ዝናብ ግን አልጋውን ሙሉ ያሻግተዋል።

አጋሮ አጠገብ አንድ ማድረቂያ ላይ የሚያድሩ ሽማግሌ ዘበኛ አውቃለሁ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ሦስት ድንጋይ የሚበላውን ባትሪያቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ነው የሚቀመጡት። ድንጋዩ በብርድ እንዳይደክም ብብት ውስጥ ይሞቃል አሉኝ። አልፎ አልፎ ብድግ ይሉና አልጋዎቹ ላይ የለበሰውን ሸራ በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጉታል፤ ጤዛው በዝቶ ከሆነ ጠርዙን ነቅለው ውሃውን ወደ ውጭ ያራግፉና መልሰው ያለብሱታል፣ ወደ ቡናው አንዲት ጠብታ ሳትወርድ። በታህሳስ መጀመሪያ አንድ ሌሊት ኮከብ ሲረግፍ ያድራል ብለው የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ያዩ ጊዜ ሌቦች ከጋራው ላይ በባትሪ የሚጠቃቀሱ መስሏቸው ፊሽካ ነፍተው መንደሩን ቀስቅሰዋል። ሌሊቱ ታህሳስ 4 ለ5 አጥቢያ ነው። ፌቶን የሚባል አለታማ የሰማይ አካል በመንገዱ የበተነውን ብናኝ ምድር ስታቋርጥ የሚሆን ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበረታል፣ ጨለማ በሆነ ቦታ በሰዓት ከመቶ በላይ ሊወረወር ይችላል። ፊሽካ ባይነፋበትም ይታያል።

ሽማግሌው ሰዓት አያስሩም። ሌሊቱን ከአንድ ወጣት ጋር ተካፍለው ነው የሚጠብቁት፤ ተረኛውን የሚቀሰቅሱት ሦስቱ ኮከቦች ከመጋዘኑ ጣራ በላይ መሃል ሰማይ ላይ ሲቆሙ ነው። በዚህ ምክንያት ጥር ሲገባ ጠብ ተነሣ። እኔ የደረስኩት ጠቡ ላይ ነው።

«ታህሳስ መባቻ ላይ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር የሚቀሰቅሱኝ» አለ ወጣቱ ስልኩን እያሳየኝ። «አሁን አምስት ሰዓት! ገና ጎኔ ሳይሞቅ! የሳቸው ኮከብ ይሮጣል።»

«ኮከብ አይሮጥም» አሉ ሽማግሌው ፊታቸውን ሳያዞሩ። «የሚሮጠው ስልክህ ነው። ቻርጅ ሲያልቅበት ምን እንደሚቆጥር አያውቅም።»

ዳኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። ፍርዱ ከባድ ነበር፤ ሁለቱም ልክ ናቸውና። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስለምትጓዝ እያንዳንዱ ኮከብ ከትናንቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወጣል። አራት ደቂቃ ለአንድ ሌሊት ምንም አይደለም። በሠላሳ ቀን ግን ሁለት ሰዓት ይሞላል። በዓመቱ ሃያ አራት ሰዓት ሞልቶ ኮከቡ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ወጣቱ እንግዲህ በየሌሊቱ አራት አራት ደቂቃ እንቅልፍ ሲዘረፍ ከርሟል፤ ዘራፊዋም ምድር ናት።

«አየህ?» አሉት ሽማግሌው። «እኔ ምን አደረግሁ? ከቻልክ ምድርን አቁም በላት።»

«በዚህ ዓይነት የካቲት ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊቀሰቅሱኝ ነው እኮ! እራት ሳልበላ!»

«በየካቲት ቡናው ይገባል። ምን አስጨነቀህ?»

ለማስታረቅ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። በታህሳስ ሦስቱን ይጠቀሙ፤ ጥር ሲገባ እነሱን ትተው ከበስተምሥራቃቸው ያለውን ደማቁን ፕሮሲዮንን ይያዙ፣ እሱ መሃል ሰማይ የሚደርሰው ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ሽማግሌው በሐዘኔታ አዩኝ። «በየወሩ ኮከብ የሚቀይር ዘበኛ» አሉ፣ «ማን ይቀጥራል?»

የቦረና አያንቱዎች ይህን ጠብ ቢሰሙ ይስቁብን ነበር። እነሱ ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ ጎን እንደቆመች እያዩ ወርና ቀን የሚቆጥሩ ናቸው፤ አሥራ ሁለት ወር፣ ሃያ ሰባት የቀን ስም፣ ያውም ያለ ወረቀት። ሰባቱ ከዋክብት ቡሳን ይባላሉ፣ ሲሪየስ ባሳ። አስመሮም ለገሰ እ.አ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አቆጣጠር ለዓለም አስተዋውቀዋል። ለአያንቱ በወር ሁለት ሰዓት መዛነፍ ጠብ ሳይሆን ሀሁ ነው።

ጠቡ በረድ ሲል የመጣሁበትን ጉዳይ አነሣሁ። ሰማይ ላይ ቡና የሚባል ኮከብ እንዳለ ልነግራቸው ነበር የመጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ አደለና ስም አውጡ አለ። የሚታደለው ኮከብ ከዚያው አገር በትንሽ ቴሌስኮፕ የሚታይ መሆን ነበረበት። ለኢትዮጵያ የደረሳት እስከዚያ ድረስ ኤችዲ 16175 በሚል የመዝገብ ቁጥር ይጠራ የነበረ ኮከብ ነው። ኢትዮጵያም ኮከቡን ቡና፣ በዙሪያዋ የምትዞረውን ፕላኔት አቦል አለቻቸው። ስሙ በታህሳስ 2012 ዓ.ም. ታወጀ፤ በዚያው ወር በ10 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተወነጨፈች፣ በዚያው ወር ቢተልጁዝም ደበዘዘ። ያን ሰሞን የሰማይ ጉዳይ ሁሉ እኛ ላይ ነበር። ጅማ ቡና እየለቀመች ነበርና አልሰማችም። አጋሮ ጥግ ያለችው ጮጬ የቡና መገኛ እኔ ነኝ ብላ ከከፋ ጋር ስትከራከር ትኖራለች፤ ሦስተኛ ተከራካሪ ከሰማይ መምጣቱን የነገራት የለም።

ቡናን ለማግኘት በገና ማታ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዙሩ። አምስት ጡጫ ተኩል ያህል ከፍ በሉ። በግራ በኩል አልማክ የሚባል ኮከብ አለ፣ በቀኝ በኩል አልጎል። የአልጎል ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ የጂኒው ራስ እንደማለት፤ በየሦስት ቀኑ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ለጥቂት ሰዓት ደብዘዝ ስለሚል ስሙ አልበዛበትም። ቡና ያለችው በሁለቱ መሃል ነው። በባዶ ዐይን አትታይም፣ የሩቅ ማያ መነጽር ግን ያሳያታል። ሁለት መቶ የብርሃን ዓመት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ርቀት ላይ ነች፤ ዛሬ ማታ የምናየው ብርሃኗ የተነሣው የመጀመሪያው አባ ጅፋር የጅማን መንግሥት ሲያቆሙ በነበረበት ዘመን ገደማ ነው።

ለሽማግሌው ያሳየኋቸው በሌላ ቀን፣ ገና ሲመሽ፣ አልጋው ሳይለብስ ነው። መነጽሩን አገላብጠው አዩ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉት፣ ከዚያ ክንዳቸውን የመጋዘኑ ምሰሶ ላይ አስደግፈው ፈለጓት። ያስተካከልኩላቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ነው።

«ይቺ ናት?»

«ናት።»

«ትንሽ ናት።»

«ሩቅ ስለሆነች ነው አባባ።»

«ደረጃዋ ስንት ነው?»

የኮከብ ድምቀትም በደረጃ እንደሚለካ ከየት እንዳወቁ አላውቅም፤ ምናልባት ቡና የሚባል ነገር ሁሉ ደረጃ አለው ብለው ይሆናል። በባዶ ዐይን የሚታየው እስከ ስድስተኛ ደረጃ ድረስ ነው፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ድምቀቱ ይቀንሳል፤ ቡና ሰባተኛ ናት፣ እንዲያውም ሰባት ነጥብ ሦስት።

«ሰባተኛ!» መነጽሩን ከዐይናቸው አወረዱ። «ጅማ አምስት ራሱ ስንት ጊዜ ተለቅሞ ነው የሚያልፈው። ይቺ ኤክስፖርት አትሆንም።»

«አቦልስ?» አለ ወጣቱ ከኋላ። «አቦልን አሳየን።»

አቦል አትታይም። በትልቁም ቴሌስኮፕ ያያት የለም። እ.አ.አ. በ2009 መኖሯ የታወቀው ኮከቧን ወዲህና ወዲያ ስትጎትታት፣ ቡና ስትወዛወዝ ታይታ ነው። ከጁፒተር አራት እጥፍ በላይ የምትከብድ ናት፤ መንገዷ ሞላላ ስለሆነ አንዴ ወደ ቡና ጥግት ትላለች፣ አንዴ ደግሞ ርቃ ትሄዳለች። ቶናና በረካ አሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ እስካሁን የተገኘችው አቦል ብቻ ናት አልኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አቦል ብቻ ቀርቦበት የሚበተን ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? ፈላጊዎቹ ትንሽ ታግሠው ቢቀመጡ ሁለተኛው ይቀዳ ነበር ባይ ናቸው።

«ዓመቷ ስንት ነው?» አለ ወጣቱ። የዓመት ነገር ከኮከቡ ጠብ ወዲህ አሳስቦታል።

«አንድ ዙር ለመጨረስ 990 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። የሷ አንድ ዓመት የኛ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር አልፎ ነው።»

ወጣቱ በጣቱ ቆጠረ። የቡና ችግኝ ተተክሎ የመጀመሪያውን ፍሬ ለመስጠት ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈልጋል። «ስለዚህ እዚያ የተከለ ሰው ዓመት ከምናምን ጠብቆ ይለቅማል ማለት ነው!» አለ። ዐይኑ በራ።

ሽማግሌው ሸራውን ከወዲያኛው ጫፍ ይዘው ወደኛ እየጎተቱ ነበር። ቆም አሉ።

«ብድሩስ?» አሉ። «ብድሩ በየትኛው ዓመት ነው የሚቆጠረው?»